የሚያስነጥስ ዛፍ ፍለጋ፤ ከሳን ሆዜ እስከ ፕሌዘንተን ኮረብታ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፤ ሳን ሆዜ

ከሳን ሆዜ ስወጣ ሰማዩ ገና ከምድሩ አልተለየም። ቮልስ መኪናዬ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ አስላ ተነሣች። የኋላ ወንበር ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ቡትስ ጫማዬና የማኅተም ቀለም አለ። የሰፈሬ ዳር የፕሪም እርሻ ግማሹ ተነቅሎ አዳዲስ ቤቶች የእንጨት አጥንታቸውን ገትረውበታል። የቀሩት ዛፎች አበባቸውን አራግፈው ለምለም ቅጠል አውጥተዋል። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ በዚህ አገር ኮረብታው አረንጓዴ የሚሆንበት አጭር ወቅት።

የምንሄደው መካነ መቃብር ነው። ለቅሶ የለብንም፣ ሙት ዓመትም አይደለም፤ የምንሄደው ለጨዋታ ነው። አንባቢ ሳይታዘበኝ ጨዋታውን ላስረዳ።

አንድ ሰው በእጁ የቀረጸውን ማኅተምና አንድ ባዶ ደብተር ውሃ በማያስገባ ሣጥን ያደርግና ከሜዳ ወይም ከተራራ ይደብቀዋል። ቦታውን በቀጥታ አይናገርም፤ እንቆቅልሽ መሳይ ፍንጭ ጽፎ ለወዳጆቹ ይሰጣል። ሣጥኑን ያገኘ ሰው የራሱን ማኅተም በሣጥኑ ደብተር ላይ፣ የሣጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ ያትምና ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሶ ይሄዳል። ሌላ ሽልማት የለውም። እንግሊዞቹ ሌተርቦክሲንግ ይሉታል።

እኔን ያስተማሩኝ ሚስስ ትሬቨር የሚባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። አሜሪካ እንደመጣሁ ኦክላንድ ውስጥ፣ ፍሩትቬል ከሚገኘው ቤታቸው የኋላውን ክፍል ተከራይቼ ነበር። ጨዋታውን ከአገራቸው ይዘው የመጡት እሳቸውና ባላቸው ናቸው፤ ኦክላንድ ላይ ጥቂት ጡረተኞች ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ሚስተር ትሬቨር ከመሞታቸው ጥቂት ሳምንት በፊት፣ ለሚስታቸው ልደት ብለው አንድ ሣጥን ደበቁ፤ ከፕሌዘንተን ወዲያ፣ ከአንድ የድሮ የከብት እርባታ በላይ ባለ የገጠር መቃብር። ፍንጩን ሰጧቸውና ሚስስ ትሬቨር የወገባቸው ሕመም ሲሻላቸው አብረው ሊሄዱ ተቀጣጠሩ። ከዚያ በፊት የሚስተር ትሬቨር ልብ ቆመ።

የማኅበሩ ሰዎች አንድ ቀን ሄደው ፈልገው ነበር፤ አላገኙም። ሌላ ቀን ደግመው ሲሄዱ በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ጠበቃቸው። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ። አሁን ሚስስ ትሬቨር ቤታቸውን ሸጠው በሰኔ ቦስተን ወዳለችው ልጃቸው ይሄዳሉ። ባለፈው እሑድ ስልክ ደውለው፣ «አንቺ ረጅም እግር አለሽ፣ ያ ያክስትሽ ልጅ ደግሞ ኮምፓስ አለው» አሉኝ። ልመናቸው ይኸው ነበር።

ኒውአርክ፤ ፀሐይ ስትወጣ

ከባሕረ ሰላጤው ዳር የጨው ክምር ነጭ ተራራ መስሎ ይታያል። ከሱ ወዲህ መጋዘን፣ መጋዘን፣ አሁንም መጋዘን። የአክስቴ ልጅ ሙሉጌታ ከአንዱ የመጫኛ በር ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። በሳምንቱ ቀናት የመንገድና ድልድይ ምህንድስና ይማራል፤ አርብ ሌሊት እዚህ ካርቶን ይጭናል።

«ሺፍት ጨርሼ ቀጥታ ነው የወጣሁት። ኦክላንድ እስክንደርስ አታናግሪኝ» አለና ወንበሩን ወደኋላ ለጠጠ። ራሱ ግን ዝም አላለም። ሣጥኑ አለ ብሎ አያምንም፤ ሦስት ክረምት የዘነበበት ነገር በስብሷል፣ ወይ ከብት ረግጦታል ይላል። ታዲያ ለምን መጣህ አልኩት። የመጀመሪያውን ክረምት የትሬቨሮች ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛቱን፣ አሁን እግሩ ላይ ያለውን ቡትስ የገዙለትም ሟቹ መሆናቸውን አስታወሰኝና ተኛ።

ፍሩትቬል፤ ጠዋት

ሚስስ ትሬቨር ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ቆመዋል። ከቤታቸው ጀርባ ገና ሰው ያልጫነው አዲሱ ባቡር በኮንክሪት ምሰሶዎቹ ላይ ባዶውን ሽው ብሎ አለፈ፤ ሙከራ ላይ ነው። ጥግ ካለው የሜክሲካኖች ዳቦ ቤት ስኳር የተነሰነሰበት ትኩስ ዳቦ ገዝተን እየበላን ተጓዝን።

ሚስስ ትሬቨር ፍንጩን በቃላቸው ያውቁታል። ወደ እኛ ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ጀርባሽን ለሚያስነጥስሽ ዛፍ ስጪ፤ ፊትሽን ወደ ቀዩ ጎተራ አዙሪ፤ በጉ ከተኛበት እግር ሥር ልደትሽ ይጠብቅሻል።»

በጉ ማለት ከሕፃናት መቃብር ላይ የሚቀረጸው የድንጋይ ጠቦት መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፤ የድሮ ዘመን ሰዎች ልጅ ሲሞትባቸው እንዲህ ያለ ሐውልት ያቆሙ ነበር። የሚያስነጥሰውን ዛፍ የማኅበሩ ሰዎች ቢጫ አበባ የሚያወጣው ግራር ነው ብለው ፈቱት። አበባው በየካቲት ሲበተን ግማሹን ኦክላንድ ያስነጥሳል። እኔም ያንኑ ተቀበልኩ።

ካስትሮ ቫሊን አልፈን ሸለቆው ውስጥ ስንገባ ኮረብታው በግራም በቀኝም ብርቱካናማ አበባ ለብሷል። ሬዲዮው አሜሪካ ስለምትዋጋው ጦርነት ሲያወራ ሚስስ ትሬቨር እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት። ሙሉጌታ ነቅቶ ስለ ባላቸው ጠየቃቸው። ሰውየው የመርከብ ጥገና ሠራተኛ እንደነበሩ፣ ማኅተም የሚቀርጹት በኪስ ቢላዋ ከጫማ ጎማ ላይ እንደነበር፣ ሲቀርጹ ምላሳቸውን እንደ ተማሪ እንደሚያወጡ እየሳቁ ነገሩን። የመጨረሻውን ማኅተም ግን አላዩትም። ምን ሊቀርጽልኝ እንደሚችል ሁልጊዜ አስባለሁ አሉ።

ፕሌዘንተን፤ ረፋድ

አንድ ዋና መንገድ፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ሱቆች፣ ፈረስ የጫነ ተጎታች፣ የከብት መኖ መደብር። ቤንዚን የቀዳልን ሰው መንገዱን ጠቆመን፤ ግን ባለቤቱ ሚስተር ሲልቬራ ማንንም አያስገቡም አለ። «ልባችሁን አታድክሙ» ነበር ምክሩ። አመሰገንነውና ቀጠልን።

አስፋልቱ አለቀና ጠጠር ሆነ። ጠጠሩ አለቀና ሁለት የጎማ መስመር ሆነ። ከሽቦው ወዲያ ጥቋቁር ከብቶች አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩን። ቀዩ ጎተራ ብቅ ሲል ሚስስ ትሬቨር ትከሻዬን ያዙ። ከበላዩ ኮረብታው ላይ ጥቁር የጥድ ዛፎች ተሰልፈዋል፤ መቃብሩ እዚያ ነው። ከሥሩ በሩ፣ በበሩ ላይ ሰንሰለቱ።

የእርባታው በር

ፒክአፕ መኪና አቧራ እያስነሣ መጣ። ስልሳ የዘለሉ፣ እጃቸው እንደ ሥር የተጠላለፈ ሰው ወረዱ። ሚስተር ሲልቬራ ናቸው፤ አያታቸው ከፖርቹጋል ደሴቶች መጥተው ይህን መሬት የያዙ።

«መቃብሩ ዝግ ነው» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

ሚስስ ትሬቨር ከመኪናው ወርደው ስማቸውን ተናገሩ፤ ስለ ሣጥኑም አስረዱ። ሰውየው እየሰሙ ሲሄዱ ፊታቸው ጠቆረ። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት፣ ከትልቁ ዐውሎ ነፋስ ማግስት፣ ወደ መቃብሩ ሲወጡ በሁለት ሕፃናት ሐውልት ዙሪያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ማግኘታቸውን ነገሩን። ይህ ብቻ ቢሆን ይቅር እል ነበር አሉ።

«የአባቴ ታናሽ እህት ሐውልት ግን የለም። በልጅነቷ የሞተች ናት። የናንተ ሰዎች ቆፍረው፣ በጉን ወድደው፣ ጭነው ሄዱ። ከሌባ ጋር ጨዋታ የለኝም።»

ሚስስ ትሬቨር ደነገጡ። የማኅበሩ ሰዎች ፈለግን እንጂ ቆፈርን አላሏቸውም ነበር። እኔም ደነገጥኩ። ሙሉጌታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጽጌ፣ ፖሊስ ሳይጠሩብን እንመለስ» አለኝ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ሁለት ጥቁር የውጭ አገር ተማሪዎች ነን፤ የተጠራንበትም ስም ሌባ ነው። የመኪናዬን ቁልፍ በእጄ ጨበጥኩ።

ሚስስ ትሬቨር ግን አልተንቀሳቀሱም። በሁለት እጃቸው ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ስለ ጉድጓዱ የሰማሁት አሁን ነው፤ አፍሬአለሁ፤ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ» አሉ። «ድንጋዩን ግን ከኛ ሰው አልወሰደውም። ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት በእጁ የሠራው የመጨረሻ ነገር እዚያ ላይ ነው። እርስዎ አጠገባችን ይቁሙ። አንድ ሣር እንኳ አንነቅልም።»

ሚስተር ሲልቬራ አዩዋቸው፤ ምርኩዙንም አዩ። ውሻቸው የቮልሴን ጎማ አሽትቶ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ሰንሰለቱን ፈቱ።

«በዓይናችሁ ብቻ» አሉ። «እጃችሁ መሬት ከነካ ትወጣላችሁ።» ሚስስ ትሬቨርን ግን ክንዳቸውን ደግፈው በራሳቸው መኪና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ያኔ፣ ይህ ሰው ክፉ አይደለም፣ የተጎዳ ነው አልኩ በልቤ።

መቃብሩ፤ ቀትር

የዛገ የብረት አጥር፣ የተንጋደዱ ነጫጭ ድንጋዮች፣ ጉልበት የሚደርስ ሣር። ስሞቹ የአየርላንድ፣ የዴንማርክ፣ የፖርቹጋል። አንዱ ድንጋይ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ተቀርጸዋል፤ አንዱ ላይ የተሰበረ የአበባ ዘንግ። ሦስት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሞቱ ናቸው፤ ከበሽታ ይሆናል። ከታች ሸለቆው እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ተዘርግቷል። ያረጀ መቃብር አይቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ሰማይ የተሰጠው ግን አላየሁም።

ግራሩን አገኘን። ጀርባችንን ሰጥተን፣ ፊታችንን ወደ ቀዩ ጎተራ አዞርን። ሁለቱ በጎች ከፊታችን ነበሩ፤ ዙሪያቸውን ተቆፍሮ የተደፈነው አፈር አሁንም ያስታውቃል። ሙሉጌታ በኮምፓሱ መስመሩን ደጋግሞ ለካ። እጃችንን ከኋላችን አጣምረን፣ አጎንብሰን፣ እንደ ዶሮ እያየን ዞርን። ምንም የለም። የማኅበሩ ሰዎች ያዩትን ነው ያየነው። ሚስተር ሲልቬራ ክንዳቸውን አጣጥፈው አጥሩን ተደግፈዋል። ሚስስ ትሬቨር ከጥድ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ደጋግመው ያንኑ ፍንጭ በከንፈራቸው ይላሉ። ፀሐዩ ከረረ። ሙሉጌታ አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ደክሞኝ ከአጥሩ ጥግ ወዳለ ጉቶ ሄጄ ተቀመጥኩ። ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ተሰብሮ፣ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ግን ቀጫጭን ቅርንጫፍ አቆጥቁጧል። ሰው ሲሰለች እንደሚያደርገው አንድ ቅጠል በጥሼ በጣቶቼ አሸሁት። ሽታው አፍንጫዬን መታው። ተነሥቼ ደግሜ አሸተትኩ። በግቢያችን፣ በትምህርት ቤታችን አጥር፣ በየመንገዱ ዳር የማውቀው ዛፍ ነው።

ሙሉጌታን ጠራሁና ቅጠሉን ሰጠሁት። አሽትቶ፣ «ቁንዶ በርበሬ ነዋ» አለኝ። ስሙን ከአፉ ሲያወጣው እሱም ክው ብሎ ቀረ። በኛ አገር ዛፉም፣ ምግብ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁሩ ቅመምም ስማቸው አንድ ነው።

ሚስተር ሲልቬራን ይህ ዛፍ በናንተ ቋንቋ ምን ይባላል አልኳቸው። አያታቸው የተከሉት፣ እነሱም በቅመሙ ስም የቁንዶ በርበሬ ዛፍ የሚሉት መሆኑን፣ ያ ዐውሎ ነፋስ እንደጣለው፣ ግንዱን ራሳቸው በመጋዝ ቆርጠው እንዳነሡት ነገሩኝ። ወደ ሚስስ ትሬቨር ዞሬ፣ ዛፉ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ነው አልኳቸው።

ሚስስ ትሬቨር ያለ ምርኩዝ ተነሡ።

«እንቁላሉ ላይ» አሉ። «በየጠዋቱ እንቁላሉ ላይ ቁንዶ በርበሬ እንደ አቧራ ያቦነው ነበር። በየጠዋቱም ያስነጥሰኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ተጣልተንበታል። ዛፉ የሚያስነጥሰው ሰውን ሁሉ አይደለም፤ እኔን ነው።»

መጥተው ጀርባቸውን ለጉቶው ሰጡ፤ ፊታቸውን ወደ ቀዩ ጎተራ አዞሩ። ከፊታቸው በግ የለም፤ ሐውልትም የለም። የወዳደቀ ቅርንጫፍ በስብሶ ሣር የዋጠው ጉብታ ብቻ ነበር። ሙሉጌታ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቁልቁል ሲመለከት ቆየና ሚስተር ሲልቬራን በትሕትና ጠራቸው።

«ጌታዬ፣ ሣሩ እዚህ ጋ በቀጥታ መስመር ነው የሚቋረጠው። ከሥሩ ጠፍጣፋ ነገር ያለ ይመስለኛል። እኛ አንነካም፤ እርስዎ ቢያዩልን።»

ሰውየው መጡ። ተንበረከኩ። ቅርንጫፉን ገፍተው፣ ሣሩን ከነሥሩ ነቅለው፣ ጭቃውን በመዳፋቸው ጠረጉት። እብነ በረድ ወጣ። ጠርዙን እየተከተሉ ሲጠርጉ አንድ ትንሽ የድንጋይ ጆሮ ብቅ አለ፤ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ የተኛች የበግ ጆሮ። ሚስተር ሲልቬራ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሮዛ» አሉ። «የአባቴ ሮዛ።»

ማንም አልሰረቃትም። ዛፉ ሲወድቅ በፊቷ ደፍቷት፣ ቅርንጫፉ ሸፍኗት፣ ሣሩ በላይዋ በቅሎ ኖሯል። ሰውየው ጉድጓዱን አይተው ተሰረቀች ስላሉ ከቅርንጫፉ ሥር አልፈለጓትም። አባታቸው ጸደይ በመጣ ቁጥር ከዚህች ድንጋይ አጠገብ አስቁመዋቸው ይጸልዩ እንደነበር፣ ጠፋች ብለው ሦስት ዓመት ሲበግኑ እንደኖሩ ያኔ ነገሩን። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሚስስ ትሬቨር ሄዱ።

«ሌባ ብያችኋለሁ» አሉ።

ሚስስ ትሬቨር፣ «ብለዋል» አሉና እጃቸውን ዘረጉላቸው። ተጨባበጡ።

አሁን እጃችን መሬት እንዲነካ ተፈቀደ። ሙሉጌታ እንቅልፉ ጠፍቶ ሌላ ሰው ሆነ። ከፒክአፑ የአጥር እንጨትና ገመድ አወረደ፤ እብነ በረዱ እንዳይሰነጠቅ የኔን ፎጣና የሚስተር ሲልቬራን ጃኬት ከገመዱ ሥር አነጠፈ። እኔና እሱ በእንጨቱ ከሥር ቀና ስናደርግ፣ ሚስተር ሲልቬራ በመኪናቸው ቀስ ብለው ጎተቱ። አንዴ ተንሸራተተብንና እንደገና ጀመርን። በሁለተኛው ድንጋዩ ከመሬት ተላቀቀ፤ ተነሣ፤ ቀጥ ብሎ መሠረቱ ላይ ቆመ። በጓ አንድ ጆሮዋ ተቦድሷል፤ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። የፖርቹጋልኛው ጽሕፈት እንደ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። እጄ ተልጧል፣ ፀጉሬ ሣር ለብሷል፤ እንደዚያች ሰዓት ግን ኮርቼ አላውቅም።

ድንጋዩ ተኝቶበት ከነበረው ሥፍራ፣ ከእግሩ ሥር፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ሚስስ ትሬቨር በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት። ሙሉጌታ አነሣው። ከሥሩ የወታደር የጥይት ሣጥን፣ ክዳኑ ጎድጎድ ያለ አረንጓዴ ቆርቆሮ። ለመክፈት ጉልበት ፈለገ። ውስጡ ግን ጠብታ ውሃ አልገባበትም።

ሚስስ ትሬቨር ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን፣ ደብተራቸው ላይ ጫን አደረጉና አነሡት። ከኋላዋ የምትታይ ሴት ነበረች፤ ባርኔጣ ያደረገች፣ ቀሚሷን ነፋስ የነፋው፣ ዳገት የምትወጣ። ፊቷ አይታይም።

«ሁልጊዜ እቀድመው ነበር» አሉ። «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ይለኝ ነበር። እሱ የሚያውቀኝ እንዲህ ነው።» አላለቀሱም። ማኅተሙን ደጋግመው አተሙት፤ አንድ ገጽ ሞላ፤ አንዲት ሴት ገጽ ሙሉ ዳገት ወጣች።

እኔ ከላጲስ የቀረጽኩትን «ጽ»ዬን፣ ሙሉጌታ የድልድይ ማኅተሙን በሣጥኑ ደብተር ላይ አተምን። ሚስተር ሲልቬራ ከዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩና ማኅተም የሌለው ሰው ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ። ሚስስ ትሬቨር ቀለሙን ዘረጉላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው ከድልድዩ አጠገብ ጫኑት፤ ሰፊ፣ ጠባሳ ያለበት አሻራ። ሣጥኑንም ራሳቸው መልሰው ከበጓ እግር ሥር አስቀመጡና ጠፍጣፋውን ድንጋይ ከደኑበት።

ድፎ ዳቦውን አራት ቦታ ቆርሰን ሣሩ ላይ ተቀምጠን በላን። ሚስተር ሲልቬራ ከቤታቸው አይብና የራሳቸውን ወይን አመጡ። ስንወርድ ሰንሰለቱን ጠቅልለው ፒክአፑ ላይ ወረወሩት። በሩን ለከብቱ ሲባል ብቻ ግጠሙት፣ ከእንግዲህ ቁልፍ የለውም አሉ።

ፍሩትቬል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ

ስንመለስ የመንገዱ ኮረብታ ወርቅማ ሆኗል። ሙሉጌታ ነዳ፤ እኔና ሚስስ ትሬቨር እየተቀባበልን ዘፈንን፤ እሳቸው የመርከበኛ፣ እኔ የሠርግ። ዜማው አልገጠመም፤ ማናችንም ግድ አልነበረንም።

ቤታቸው ስንደርስ የማኅበሩ ሰዎች ራት ሠርተው ሳሎን ይጠብቁናል። ጭቃችንን ሲያዩ ሁሉም ከወንበራቸው ተነሡ። ሚስስ ትሬቨር ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ገጽ ሙሉ ዳገት የምትወጣው ሴት ታየች፤ ሳሎኑ በጭብጨባ ተናወጠ። ስለ ሮዛ ድንጋይ ሲነገራቸው ጉድጓድ የቆፈሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ፤ በማግስቱ ሄደው ሚስተር ሲልቬራን ይቅርታ ለመጠየቅና አጥሩን ቀለም ለመቀባት እዚያው ተስማሙ።

ከሁለቱ አንደኛው፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር፣ መነጽራቸውን ጠርገው ማኅተሟን አተኩረው አዩዋት። ፍንጩ ሦስት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን እንዳዞራቸው፣ እንቅልፍ እንደነሣቸው ተናገሩና፣ ሣጥኑ በመጨረሻ የት እንደነበረ ይንገሩን ብለው ለመኑ።

ሚስስ ትሬቨር ደብተሩን ዘጉ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና የሾርባ ማንኪያቸውን አነሡ።

«ፍንጩ አለዎት አይደል?» አሉ። «በሩ ክፍት ነው። ሄደው ይፈልጉ።»